የጀልባ ፕላይውድ ስመርጥ ለምን ጠርዙን እንደማነብ

የመጀመሪያዋን ጀልባዬን ስሠራ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። ጎኗ የሚሆነውን ባለ 6 ሚሊሜትር ፕላይውድ በልኩ ቆርጬ፣ የኋላ ጫፉን በብሎን ካሰርሁ በኋላ፣ የፊት ጫፉን በገመድ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየሳብሁ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋው ነበር። ሰሌዳው እንደ ቀስት እየተለመጠ የጀልባ ቅርጽ እየያዘ መጣ፤ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ግን ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማና በእጄ የያዝሁት ገመድ በድንገት ላላ። በሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ስብራት ወጥቶበታል።

ስብራቱን ተከትዬ በመጋዝ ስከፍተው መካከለኛው የእንጨት ንጣፍ በዚያ ቦታ ላይ ጨርሶ አልነበረም። በፋብሪካው ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩት ሁለት ቁራጮች ሳይገናኙ ቀርተው፣ በመካከላቸው የትንሽ ጣት ስፋት ያለው ክፍተት ተፈጥሮ፣ ከላይና ከታች የተለጠፉት ስስ ንጣፎች እንደ ከበሮ ቆዳ ሸፍነውት ኖሯል። ሰሌዳው ሲለመጥ ኃይሉ ሁሉ በዚያች አንዲት መስመር ላይ ተጠራቀመ። ሻጩ ለጀልባ የሚሆን ነው ብሎኝ ነበር። ፊቱ ቀላ ያለ፣ ለስላሳ፣ አንድም የቅርንጫፍ ዓይን የሌለበት ነበር፤ እኔም ስገዛው ያየሁት ፊቱን ብቻ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፕላይውድ ስገዛ ፊቱን የማየው በመጨረሻ ነው። ፋብሪካ ሁሉ የተሻለውን ንጣፍ የሚያወጣው ላይኛው ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ገጹ ስለ ሰሌዳው ጥንካሬ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። የሰሌዳው እውነተኛ ታሪክ የሚነበበው በአራቱ ጠርዞቹ ላይ ነው፤ ከዚያም ለማየት የሚደፍር ሰው ከቁራጩ ውስጥ ያገኘዋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ለፕላይውድ የሚሆነው ግንድ አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ማሽን ላይ እየተሽከረከረ በረጅም ስለት ይላጣል፤ ከግንዱም ቬኒር የሚባለው ስስ ንጣፍ እንደ ጥቅል ወረቀት እየተተረተረ ይወጣል። ንጣፎቹ ከደረቁ በኋላ ኮላ ተቀብተው አንዱ በአንዱ ላይ ይነባበራሉ፤ የአንዱ ጭረት፣ ማለትም የእንጨቱ ክሮች የሚሄዱበት መስመር፣ በርዝመቱ ከሄደ የሚቀጥለው በወርዱ እንዲሄድ ይደረግና በሙቀትና በከባድ ጫና ይጣበቃሉ። እንጨት በጭረቱ አቅጣጫ ብርቱ፣ በጎኑ ግን ደካማ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝም የሚያብጠው በጎኑ ነው። ንጣፎቹ ተሻግረው ሲጣበቁ አንዱ የሌላውን ድክመት ይሸፍናል፤ እብጠቱንም ይገታል። የንጣፎቹ ቁጥር ጎዶሎ የሚሆነው፣ ማለትም 3 ወይም 5 ወይም 7 የሚሆነው፣ ሁለቱ ፊቶች በአንድ አቅጣጫ እንዲሄዱና ሰሌዳው ሚዛኑን ጠብቆ ሳይጣመም እንዲቆይ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር በገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሁለት ባለ 6 ሚሊሜትር ሰሌዳዎች አንዱ 3 ንጣፍ፣ ሌላው 5 ንጣፍ ሊኖራቸው ይችላል። ባለ 3 ንጣፉ ፊትና ጀርባው እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ውስጡ ደግሞ አንድ ወፍራም ንጣፍ ከሆነ፣ በተግባር የያዝነው በርካሽ ጣውላ ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነው፤ በአንድ በኩል በቀላሉ ይታጠፋል፣ በሌላው በኩል ግትር ይሆናል፤ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ስንፈገፍገውም የላይኛው ንጣፍ አልቆ የውስጡ ብቅ ይላል። የንጣፎቹ ውፍረት የተቀራረበ ባለ 5 ሰሌዳ ግን ወጥ በሆነ ኩርባ ይለመጣል፤ ኃይልንም በሁለቱም አቅጣጫ ይሸከማል። ስለዚህ ጠርዙን ስመለከት የመጀመሪያ ሥራዬ ንጣፎቹን መቁጠርና ውፍረታቸውን ማነጻጸር ነው።

ሰዎች አብዝተው የሚጨነቁት በኮላው ነው። ጭንቀቱ መሠረት ያለው ሆኖ ሳለ፣ ከሁሉም ጥያቄዎች ቀላሉ መልስ ያለው እርሱ ይመስለኛል። የቀደመው ዘመን ፕላይውድ ውሃ ሲነካው እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገላለጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ አበርዲን በምትባል ከተማ በነበረው የሃርቦር ፕላይውድ ኩባንያ የሚሠራው ኬሚስት ጄምስ ኔቪን ውሃ ፈጽሞ የማይፈታው ኮላ አዘጋጀ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የሂጊንስ ኩባንያ ወታደሮችን ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያደርሱ ጀልባዎችን ከፕላይውድ በብዛት በኒው ኦርሊንስ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1962 የተነደፈችው ሚረር የተባለች ትንሽ የሸራ ጀልባ ደግሞ ማንኛውም ሰው የፕላይውድ ቁርጥራጮችን በመዳብ ሽቦ እየሰፋ፣ መጋጠሚያውን በፋይበርግላስና በሙጫ እየዘጋ በቤቱ ሊሠራት እንደሚችል አሳየች፤ ከ70,000 በላይም ተሠርታለች። እኔም ሆንሁ እንደ እኔ ያለው በትርፍ ጊዜው ጀልባ የሚሠራ ሰው የዚያ መንገድ ወራሾች ነን።

በዛሬ ጊዜ ማሪን፣ ማለትም ለጀልባ የሚሆን፣ በሚባለውና ለውጭ ግንባታ በሚውለው ደህና ፕላይውድ መካከል የኮላ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የለም። ሁለቱም ውሃና ፈላ ውሃ በሚቋቋም ኮላ፣ በተለይም በፌኖል ፎርማልዴሃይድ፣ ሊጣበቁ ይችላሉ። ልዩነቱ በእንጨቱ ጥራት ላይ ነው። ለግንባታ የተሠራው ሰሌዳ በውስጡ ክፍተት፣ የወደቀ የቅርንጫፍ ዓይን፣ እርስ በርሱ የተደራረበ ንጣፍ ቢኖርበት ለግድግዳ ወይም ለጣሪያ ሥር አያሳስብም። በጀልባ ላይ ግን ክፍተቱ ሦስት ጉዳት አለው፤ ሰሌዳው ሲለመጥ በእኔ እንደደረሰው ይሰበራል፤ በክፍተቱ ላይ ያረፈ ብሎን የሚነክሰው እንጨት አያገኝም፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ በጠርዝ ወይም በብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ ክፍተቱን እንደ ቧንቧ ተከትሎ ወደ ሰሌዳው መካከል ይደርሳል። እዚያ የደረሰ ውሃ ፀሐይም ነፋስም አያገኘውም። ቀለሙ እንዳማረ ውስጡ ይበሰብሳል።

ማሪን ለሚባለው ፕላይውድ በሰፊው የሚታወቀው መመዘኛ ቢኤስ 1088 የተሰኘው የብሪታንያ ደረጃ ነው። ይህ ደረጃ የኮላውን ጥንካሬ፣ የገጾቹን ንጽሕና፣ በውስጥ ንጣፎች መካከል ሊፈቀድ የሚችለውን ክፍተት ይወስናል፤ በቅንነት ከተፈጸመም እጅግ ጥሩ ሰሌዳ ያስገኛል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ቁጥሩን በሰሌዳ ላይ ማተም ለማንም ሰው ቀላል መሆኑ ነው። ስለሆነም ከቁጥሩ ጎን የፋብሪካው ስም መኖሩን፣ እንደ ሎይድስ ሬጅስተር ያለ ገለልተኛ መርማሪ ያረጋገጠው መሆኑንም እጠይቃለሁ። ሁለተኛው፣ ማህተሙ እንጨቱ አይበሰብስም ማለት አለመሆኑ ነው። ከታወቁት የቢኤስ 1088 ሰሌዳዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከኦኩሜ ነው፤ ኦኩሜ ደግሞ በእርጥበት ላይ ከተተወ በፍጥነት የሚበሰብስ እንጨት ነው።

እንግዲህ ስለ እንጨቶቹ ልናገር፤ ምርጫ የምለው ነገር በእውነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አውሮፓውያን የእንጨትን ተፈጥሯዊ የመበስበስ መቋቋም ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይመድቡታል፤ 1 እጅግ የሚቆየው፣ 5 ፈጥኖ የሚጠፋው ነው። ኦኩሜ በ4ኛው ይመደባል፤ ሳፔሌ በ3ኛው፤ በርች በ5ኛው። ሜራንቲ በአንድ ስም የሚጠሩ የብዙ ዛፎች ቤተሰብ ስለሆነ፣ ጠቆር ያለውና ከበድ የሚለው የተሻለ ይቆያል፤ ነጣ ያለውና የቀለለው ያነሰ ይቆያል። ደረጃውን ብቻ የሚመለከት ሰው ኦኩሜን ይንቃል። ነገር ግን ኦኩሜ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ ኦኩሜ 450 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ በርች 680 ገደማ ይመዝናል። ይህን ወደ ሰሌዳ ስንመልሰው፣ 2.44 ሜትር በ1.22 ሜትር የሆነ ባለ 6 ሚሊሜትር የኦኩሜ ሰሌዳ 8 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሆን፣ የበርቹ 12 ይሆናል። አራት ሰሌዳ በምትወስድ ትንሽ ጀልባ ላይ ልዩነቱ 16 ኪሎ ነው። ጀልባውን ከመኪና ጣሪያ ላይ ለብቻው የሚያወርድ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በወገቡ ያውቀዋል።

ኦኩሜ በገራገርነት ይለመጣል፣ በመላጊያ ሲላግ አያስቸግርም፣ ኢፖክሲ የሚባለውን ውሃ የማያስገባ ሙጫም በደንብ ይቀበላል። ይህ ዛፍ የሚበቅለው በመካከለኛው አፍሪካ ምዕራባዊ ክፍል፣ በተለይም በጋቦን ነው፤ ጋቦን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያልተሠራ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስለከለከለች ቬኒሩና ፕላይውዱ በአገሯ ውስጥ እንዲመረት መንገድ ተከፍቷል። ዛፉ የሚያድግበት የምድር ክፍል ይህን ያህል ጠባብ በመሆኑ፣ ከተመሰከረለት ደን የመጣ ሰሌዳ ለማግኘት ጥቂት መድከም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የተቆረጠውን ዛፍ የምናከብረው ከእርሱ የሠራነው ጀልባ ብዙ ዓመት ሲያገለግል ነው።

ሳፔሌ ከበድ ይላል፤ ግን ቫርኒሽ ሲቀባ ቀይ ቡናማ መልኩ ያምራልና ለሚታይ ክፍል፣ ለመቀመጫና ለላይኛው ክዳን እመርጠዋለሁ። ገዢ ሊጠነቀቅ የሚገባው ፊቱ ሳፔሌ፣ ውስጡ ግን ሌላ ለስላሳ እንጨት የሆነውን ሰሌዳ ነው፤ ይህ በራሱ ነውር ባይሆንም የምንገዛው ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን። ሜራንቲ ከኦኩሜ ይከብዳል፣ ጭረቱም ሻካራ ነው፤ ውሃ ላይ ታስሮ ለሚኖርና ክብደቱ ለማያሳስብ የሥራ ጀልባ ግን መልካም ነው። ዳግላስ ፈር ብርቱ እንጨት ቢሆንም፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ፊቱ በጭረቱ አቅጣጫ ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ በፋይበርግላስ ጨርቅና በኢፖክሲ ሳይሸፈን ቀለም ብቻ መቀባት በየዓመቱ መልሶ መቀባትን ያስከትላል። በርች ጠንካራ፣ ንጣፉ የበዛ፣ ጠርዙ ሲታይ ልብ የሚማርክ ነው። ቢሆንም ውሃ አንድ ጊዜ ከገባበት አይምርም፤ እኔ ከጀልባ ይልቅ ለመሣሪያ ሳጥን አውለዋለሁ።

ወደ ሻጩ ስሄድ "ማሪን አለህ?" ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነውና። የምጠይቀው፣ የኮላው ደረጃ ምንድን ነው፣ ውስጡ ከየትኛው እንጨት ነው፣ በዚህ ውፍረት ስንት ንጣፍ አለው የሚለውን ነው። ለእነዚህ ሦስቱ በጽሑፍ መልስ ያለው ሻጭ ዕቃውን ያውቀዋል። የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ቦታዎች ብዙ ጊዜ አያውቁትም፤ የተሻለ ዕድል ያለው ለቤት ዕቃ ሠሪዎችና ለመኪና አካል ገጣሚዎች ጥራት ያለው እንጨት የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ዘንድ ነው፤ ጀልባ የሚጠግን ሰው በአካባቢው ካለ ደግሞ ከየት እንደሚገዛ እርሱን መጠየቅ ከሁሉ ይቀድማል።

ሰሌዳው ፊቴ ሲቀመጥ አራቱንም ጠርዞች በጣቴ እየዳሰስሁ እዞራለሁ። ጥቁር ነጥብ ወይም ቀዳዳ ካየሁ፣ ከኪሴ የማይጠፋውን ቀጭን ሽቦ አስገባበታለሁ፤ ሽቦው ጥፍር ያህል ገብቶ ከቆመ ትንሽ ጉድለት ነው፤ ጣት ሙሉ ከጠለቀ ግን ሰሌዳውን እመልሰዋለሁ። ከዚያም በሳንቲም ጠርዝ ገጹን ከዳር እስከ ዳር እየመታሁ አዳምጣለሁ። የተሞላ ሰሌዳ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፤ ክፍተት ወይም ያልተጣበቀ ቦታ ሲኖር ድምፁ በድንገት ባዶ ይሆናል። ሰሌዳውን በጠርዙ አቁሜ በርዝመቱ እያየሁ መጣመሙን እመረምራለሁ። ውፍረቱንም ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ እለካለሁ፤ ምክንያቱም 6 ሚሊሜትር የተባለው 5.2 ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የአንድ ሰሌዳ ግትርነት በውፍረቱ ኩብ ልክ፣ ማለትም ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ፣ ስለሚያድግ፣ 5.2 ሚሊሜትር የሆነው ሰሌዳ ከሙሉው 6 ሚሊሜትር ጋር ሲነጻጸር 35 በመቶ የሚሆነውን ግትርነቱን አጥቷል።

የሚቻል ከሆነ አስቀድሜ አንድ ሰሌዳ ብቻ እገዛለሁ፤ ከእርሱም የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጬ በድስት ውስጥ እቀቅለዋለሁ። ቤተ ሙከራዎች የውጭ ኮላን ሲፈትኑ ቁራጩን 4 ሰዓት ቀቅለው፣ ከ16 እስከ 20 ሰዓት በ60 ዲግሪ አድርቀው፣ እንደገና 4 ሰዓት ይቀቅሉታል፤ እኔም ይህንኑ በምድጃዬ ላይ እከተላለሁ። ውሃው መጀመሪያ እንደ ሻይ ይቀላል፤ ይህ የእንጨቱ ቀለም ነው፣ አያስደነግጥም። ቁራጩ ሁለተኛውን መቀቀል ጨርሶ ሲወጣ ጠርዞቹን አያለሁ፤ ንጣፎቹ ከንፈራቸውን ከከፈቱ ነገሩ አልቋል። ካልከፈቱ የመሮ ጫፍ በንጣፎቹ መካከል አስገብቼ እፈለቅቃለሁ። ጥሩ ኮላ ከሆነ የሚቀደደው እንጨቱ ነው፤ በሁለቱም ፊቶች ላይ የእንጨት ጭረት ተጎልጉሎ ይታያል። መጥፎ ከሆነ ግን ንጣፉ ንጹሕና ለስላሳ የኮላ ገጽ ትቶ ይላቀቃል። ጠቆር ያለ የኮላ መስመር ጥሩ ምልክት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በመስመሩ ቀለም ብቻ አላምንም።

ፈተናውን ካለፈ የቀሩትን ሰሌዳዎች ከዚያው እሽግ፣ በአንድ ቀን እገዛቸዋለሁ። ይህን የማደርገው ሰሌዳዎቹ ለረጅም ጀልባ በርዝመት መቀጣጠል ስላለባቸው ነው። የሁለቱ ጫፎች በመላጊያ እንደ ሽብልቅ እየሳሱ፣ የውፍረታቸውን 8 እጥፍ ያህል ተደራርበው ይጣበቃሉ፤ ለባለ 6 ሚሊሜትሩ መደራረቢያው 48 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለት ሰሌዳዎችም 4.83 ሜትር ገደማ ይሰጣሉ። ውፍረታቸው የተለያየ ከሆነ በመጋጠሚያው ላይ ደረጃ ይቀራል፤ የንጣፎቹ አደራደር የተለያየ ከሆነ ደግሞ ሲለመጡ ኩርባው በመጋጠሚያው ላይ ይጎብጣል። ሌላ ቀን ተመልሶ የተጓደለውን መግዛት ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ሰሌዳ መግዛት ነው።

ለሁሉም ጀልባ ውዱን ሰሌዳ መግዛት አለባችሁ አልልም። ደረቅ ቦታ የምታድር፣ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ውሃ የምትነካ፣ እጅ ማፍታቻ የሆነች ጀልባ ጠርዙ ንጹሕ በሆነ ደህና የውጭ ፕላይውድ ልትሠራ ትችላለች፤ እንዲህ ሆነው ዓመታት ያገለገሉ አይቻለሁ። ውሃ ላይ ለምትኖር ወይም ብዙ ቀን ለሚደከምባት ትልቅ ጀልባ ግን፣ ከኢፖክሲው፣ ከቀለሙ፣ ከሸራውና ከወራት ድካም ጋር ሲነጻጸር ከሰሌዳው ላይ የሚተርፈው ገንዘብ እጅግ ትንሽ ነው።

ሰሌዳው ቤት ከገባ በኋላ በደረቅ ቦታ፣ ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ብሎ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ በተደረደሩ ጣውላዎች ላይ ይተኛል፤ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የከረመ ሰሌዳ ይጎብጣል። አበስባሽ ፈንገስ ሥራውን የሚጀምረው የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ስለሆነ፣ የጥበቃው ሁሉ ዓላማ ከዚያ በታች ማቆየት ነው። ብዙዎች የሚፈሩት የባሕርን ውሃ ነው፤ ጀልባን ይበልጥ የሚያበሰብሰው ግን ጨው የሌለበት፣ በማእዘን ተጠራቅሞ የሚቀረው የዝናብ ውሃ ነው። ውሃ የሚገባውም ከገጹ ይልቅ በተቆረጠው ጠርዝና በብሎን ቀዳዳ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጠርዝ ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ አጠጣዋለሁ፤ ቀዳዳውንም ከሚያስፈልገው አስፍቼ እበሳና በኢፖክሲ ሞልቼ ስትደርቅ መልሼ ለብሎኑ እበሳታለሁ።

ከምገዛው እሽግ ሁሉ ሁለት ቁራጮች አስቀርቼ፣ ቀኑን በእርሳስ ጽፌባቸው፣ ከቤቴ ጣሪያ ላይ በሽቦ አስሬ ለፀሐይና ለዝናብ እተዋቸዋለሁ፤ አንደኛው ባዶውን፣ ሌላው ጠርዙ ኢፖክሲ ጠጥቶ፣ ፊቱም ቀለም ተቀብቶ። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ዓመታቸውን የያዙትን የኦኩሜ ቁራጮች አውርጄ አየኋቸው። ባዶው ግራጫ ሆኗል፤ ማእዘኑ ላይ አውራ ጣቴን ስጭን ጥፍሬ ገባ፤ ንጣፎቹ ግን አንዳቸውም አልተላቀቁም። የተቀባው ቀለሙ ደብዝዟል። በመጋዝ መካከሉን ስቆርጠው እንደተገዛበት ቀን ቀላ ያለ ነው፤ አዲሱን ጠርዝ ኢፖክሲ አጠጥቼ ወደ ቦታው መለስሁት።